አባ ሜትርና ለሁለት የሚበቃው ዕድል

በምድር ላይ ያለ ማንኛውም የሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር የራሱ የሆነ፣ ማንም ያልሾመው ሐኪም አለው። ሕንፃው ሲሠራ አብሮ የተሠራ ይመስላል። ካርድዎን ይዘው ገና ቁጭ ከማለትዎ «ምንዎን ነው?» ይላል። ከነገሩት ይፈርድብዎታል፤ ካልነገሩት ራሱ ይደርስበታል። የተማረው ሐኪም ውስጥ ሆኖ አምስት ደቂቃ ቢሰጥዎ፣ ይኼኛው ውጭ ሆኖ ሦስት ሰዓት ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው ይሸሸዋል። እኔም ልሸሸው ሞክሬ ነበር፤ ወንበሩ ግን አጭር ነው።

የእኛ ክሊኒክ ተሿሚ ክቡር አባ ሜትር ይባላሉ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ለዓይን ግልጽ ነው። ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ሲሆን፣ ሌላው ሰው ከረባት በሚያስርበት ቦታ እሳቸው ቢጫ ሜትር አንጠልጥለው ይዞራሉ። ሱቃቸው በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ክሊኒኩ ሰፊ ነው። ስለዚህ ዋናውን ሥራቸውን የሚያከናውኑት እዚያ ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ የምንሰየመው ሁለት እንግዳ በአንድ አካል ያሳደርን ሰዎች ነን። ኤችአይቪ ቀድሞ የገባ ነው፤ በየቀኑ ክኒን እየዋጥንለት፣ እሱም እየታገሠን፣ ተቻችለን መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ጉበት የሚቦረቡር። በዚያን ጊዜ ለእሱ የነበረው መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነበር። አርባ ስምንት ሳምንት ሙሉ። መርፌው ያተኩሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሥጋ ያከሳል፣ ልብ ያጨልማል። ይኼን ሁሉ አድርጎም ማንን እንደሚያድን አይታወቅም።

«አይታወቅም» የሚለውን ቃል አባ ሜትር አይወዱም። «ልኩን ሳይለኩ ጨርቅ አይቆረጥም!» ይላሉ። ስለዚህ የዘር ምርመራው ወደ ክሊኒኩ የመጣ ሰሞን፣ ሌላው ሰው ሲፈራ እሳቸው በዓል የመጣ ያህል ደስ አላቸው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሐኪማችን፣ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ትዕግሥቷ ከዕድሜዋ የሚበልጥ ወጣት ሴት፣ ወረቀት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጋ አስረዳችን። ከእናታችን አንድ፣ ከአባታችን አንድ፣ ሁለት ፊደል ወርሰናል፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛው ሲ ወይም ቲ ነው። ሁለቱም ሲ ለሆኑለት መርፌው ጥሩ ይሠራል፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ሊድኑ ይችላሉ። ሁለቱም ቲ የሆኑበት ግን፣ ያውም ሁለት ቫይረስ ይዞ፣ ከአራት አንዱ ቢድን ነው። አንድ ሲ አንድ ቲ ያለው መካከል ላይ ይንገዋለላል።

አባ ሜትር ይኼን በሰሙ በሳምንቱ ወንበሩን እንደ አዲስ ደለደሉት። ድርብ ሲ በመስኮት በኩል፣ ቅይጦች መካከል፣ ድርብ ቲ በሽንት ቤቱ በኩል። እሳቸው ድርብ ሲ ናቸውና መስኮቱ ሥር ተሰየሙ። «ደም አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይሉ ነበር፣ ሜትራቸውን እንደ ካባ ወደ ትከሻቸው እየመለሱ።

በስልክ ቤት አርባ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሁላችንም ስልከኛዋ የምንላት ሴት፣ የደረሳት አንድ ሲ አንድ ቲ ነበር።

«ቲዋ ከማን መጣች?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ወይ ከእናትሽ፣ ወይ ከአባትሽ።»

«እናቴ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም።»

«እንግዲያው ከአባትሽ ነዋ።»

ስልከኛዋ ከወንበሩ ተነሣች። «ያ ሰውዬ! በሕይወቱ ከረሜላ እንኳ ገዝቶልኝ አያውቅም! እንዲያው ከእኔ የደበቀውን ሁሉ ደብቆ፣ ይቺን አስቀመጠልኝ?» እያለች ተራዋ እስኪደርስ ሟቹን ስትወቅሰው ዋለች። እውነቱን ለመናገር ቲዋ ከእናቷም ልትሆን ትችል ነበር። ማንም ይኼን ለማንሣት አልደፈረም።

ክቡርነታቸው ደግሞ በምርምር ብቻ አልተወሰኑም። መርፌው ሰዉን ሲያከሳ ሱሪ ይወርዳል። ሱሪው የወረደ በሽተኛ ሲያዩ አባ ሜትር ዝም ማለት አይችሉም። «ይቁሙ!» ይላሉ። እዚያው ወንበሩ ፊት ወገብ ይለካሉ፣ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ በእስፒል ይይዛሉ። አንድ ቀን የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ሰው እስፒሉ ሳይነቀልለት ተራው ደረሰና ገባ። ሐኪሟ ጉበቱን ልትዳስስ እጇን ስትሰድድ የሰማነውን ጩኸት ሾፌሩ ያሰማው መስሎን ነበር። የእሷ ነው። ብቅ ብላ፣ ጣቷን እየመጠጠች፣ «አባባ፣ እባክዎ፣ በሽተኞቼን ሰፍተው አይላኩብኝ» አለቻቸው። አባ ሜትር «ሰክቼ ነው እንጂ ገና አልሰፋሁትም» ሲሉ አረሟት።

የእኔ ውጤት የመጣ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎጂክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሚደበቅ ነገር እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ። አባ ሜትር መስኮቱ ሥር ሆነው ኪሴን አዩት።

«ስንት ስንት ነው፣ መምህር?»

«ምኑ?»

«ፊደሉ ነዋ!»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«የግል ጉዳይ ያለው ሰው እዚህ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?»

«ድርብ ቲ» አልኩ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በር እያየሁ።

እሳቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እየጠቀለሉ «መቼ ይጀምራሉ ታዲያ?» አሉኝ።

«አልጀምርም። ሳልወለድ በተፈረደ ነገር ላይ ይግባኝ አልጠይቅም።»

ይኼን ዓረፍተ ነገር ቤቴ ሆኜ አዘጋጅቼው ነበር፤ ጥሩ መስሎኝም ነበር። አባ ሜትር ከላይ እስከ ታች ለኩኝ። «ይኼ ፍልስፍና ነው ስንፍና?»

«ከአራት አንድ ነው አሉኝ እኮ።»

«ይስሙኝ። ሦስት ሜትር ጨርቅ ለአንድ ወፍራም ሰው ይቆረጣል። አቆራረጥ የሚያውቅ ሰፊ ካገኘ ግን ለሁለት ቀጭን ይበቃል። እኔ ድርብ ሲ ነኝ፤ ዕድሌ ተርፎኝ የሚጎተት ነው። አብረን እንጀምር፤ ለሁለት ይበቃናል።»

«ዕድል ጨርቅ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ? ቆርጠውት ያውቃሉ?» አሉና ጨመሩ፦ «መርፌውን ዓርብ ዓርብ እንውጋ። ከሰዓት በኋላ ቤትዎ እመጣለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ክርክሩ አላሳመነኝም። እንዲህ ያለ ክርክር ያቀረበ ተማሪ ቢኖር ከክፍል አስወጣው ነበር። ያሳመነኝ «ቤትዎ እመጣለሁ» የሚለው ነው። ባለቤቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ልጄ ሌላ ከተማ ነው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። «ደህና ነህ አባዬ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ፤ አራት ደቂቃ አይሞላም። ስለ በሽታዬ ነግሬው አላውቅም፣ እሱም የሚነገር ነገር መኖሩን ጠርጥሮ አያውቅም። ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛው ላይ መጻሕፍት ተቆልለው የመጨረሻው ሰው መቼ እንደተቀመጠበት ረስቼዋለሁ።

ዓርብ ዕለት መጡ። መርፌያቸውን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ፣ የጀመሩትን ስፌት በፌስታል ይዘዋል። ወዲያው ወንበሩን አዩት፤ መጻሕፍቱን እያነሡ ወለሉ ላይ ደረደሯቸው። «መጽሐፍ ቢቆም አይደክመውም» አሉ። ከዚያ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ሸሚዛችንን ገልጠን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ወጋን።

በሦስተኛው ሰዓት ብርዱ መጣ። እኔ ሶፋው ላይ፣ እሳቸው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ሁለት ሽማግሎች ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ጣራውን እናያለን።

«መምህር፣ አለህ?»

«አለሁ። አንተስ?»

ትኩሳት አንቱታ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ አንተ ተባባልን፤ ከዚህ በታች ባለው ጽሑፌም «ክቡርነታቸው» እያልኩ መቀጠሉ አያዛልቀኝምና አንባቢ ይፍቀድልኝ።

ታዲያ በየዓርቡ እንዲህ ሆነ። ያወራ ነበር፤ በትኩሳትም፣ ያለ ትኩሳትም። ወንድሞቹ በሽታውን ከሰሙ በኋላ ልብሳቸውን ሌላ ሰፊ ዘንድ መውሰድ እንደጀመሩ የነገረኝ በስድስተኛው ዓርብ ነው። «ታናሽየው ያሰፋውን ኮት መንገድ ላይ አየሁት» አለ። «ትከሻው ተንሻፏል። ትንሽ ቢያነሡት እኮ የሚስተካከል ነገር ነበር።» ሌላ አልጨመረም። የሚያድረው ሱቁ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መሆኑንም ያን ቀን አወቅሁ። እኔ ስከሳ ሱሪዬን ያጠብብልኛል፤ እሱ ሲከሳ የራሱን ያጠብባል። ያንን ግራጫ ሱሪዬን ሦስት ጊዜ አጥብቦልኛል።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደም ሰጠን። ሕጉ ግልጽ ነበር፦ የቫይረሱ ቁጥር እስከዚያ ከመቶ እጅ ወደ አንድ እጅ ካልወረደ መድኃኒቱ ይቆማል፤ መሠቃየቱ ትርፍ የለውም። ውጤቱ የሚነገርበት ቀን እሱ ቀድሞ ገባ። ሲወጣ ሜትሩን እያስተካከለ ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«ልክ እንደ ተለካ ሱሪ! ግባ፣ ግባ፣ እየጠበቀችህ ነው።»

ገባሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «መምህር፣ በጣም ወርዷል» አለችኝ። «በዚህ ከቀጠሉ ተስፋ አለ። ግን መቀጠል አለብዎት፤ ገና ሠላሳ ስድስት ሳምንት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው።» እኔም ለማቆም አስቤ ነበር። ደሜ አንሶ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር፤ መኖርና አለመኖር አንድ ሆኖብኝ መስኮት ሥር የምውልባቸው ቀኖች ነበሩ። ስወጣ ግን አባ ሜትር አቅፎ ከመሬት ሊያነሣኝ ሞከረ። «አላልኩህም? ለሁለት ይበቃል አላልኩም?» አለ። ወንበሩ ሁሉ አጨበጨበ፤ ስልከኛዋም ጭምር።

ቀጠልን። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፦ አባ ሜትር መርፌውን ጓዳ ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ መውጋት ጀመረ። «ሆዴ አስጠልቶኛል፣ አትየኝ» አለ። እኔም አላየሁም። ከዚያ ይመጣና ፍራሹ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ እንዲያውም ከበፊቱ ጠንክሮ ነበር፤ የመስኮቱ መስተዋት ሳይቀር የሚርገበገብ ይመስለኝ ነበር። ማቆም በምፈልግበት ቀን እሱን አያለሁ። ይኼ ሰው እንዲህ እየሆነ ከቻለ፣ እላለሁ፣ እኔ በምን አፌ እተዋለሁ?

በሠላሳኛው ሳምንት ግድም፣ ፀሐዩ በበረታበት አንድ ዓርብ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ብርድ ልብስ ሊያወርድልኝ እጁን ሲዘረጋ ሸሚዙ ከፍ አለ። የሱሪውን ወገብ ከኋላ አየሁት። መሃል ላይ፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ፣ ጠቆር ያለ መስመር ነበረው፤ ፀሐይ ያላገኘው፣ ያልነጣ ጨርቅ።

ሱሪው ሦስት ጊዜ የጠበበለት ሰው ይኼን ያውቃል። ሲያጠብቡት ትርፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ውስጥ ሆኖ ቀለሙን ሳይለቅ ይቆያል። ያ ጠቋራ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣው ስፌቱ ተፈትቶ ወገቡ ሲለቀቅ ብቻ ነው። የሱሪ ወገብ የሚለቀቀው ደግሞ የለበሰው ሰው ሲወፍር ነው። መርፌውን የሚወጋ ሰው አይወፍርም። ከዚህ በላይ ንጹሕ የሆነ ድምዳሜ በሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መድኃኒቱ ቆሞበት ነበር። ድርብ ሲው አልሠራለትም። ጓዳ ገብቶ ምንም አይወጋም፤ ወጥቶ ለእኔ ሲል ይንቀጠቀጣል።

ፊደሉ ለምን እንደዋሸን ሲያወጣ ሲያወርድ የቆየው አእምሮዬ ኋላ ላይ ደረሰበት፤ ፊደሉ አልዋሸም። የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ከመቶው ስንቱ ብሎ። ከመቶው የትኛው ብለው ሲጠይቁት ዝም ይላል። እኔ ግን አንድም ቀን መቶ ሆኜ አላውቅም። አንድ ነኝ፤ እሱም ፍራሹ ላይ አንድ ነበር።

ምን ልበለው? አፌን ከፈትኩ። እሱ ፍራሹ ላይ ተመልሶ እየተንቀጠቀጠ «መምህር፣ አለህ?» አለኝ።

«አለሁ። ዛሬስ ብርዱ በጣም ጠንቶብሃል» አልኩና ተነሥቼ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ያንን በመሰለ ሙቀት! ላቡ ከግንባሩ ላይ እየተንዠቀዠቀ፣ «ተባረክ፣ አሁን ሞቅ አለኝ» አለ። ሦስተኛም ላመጣ ነበር፤ ግን አሳዘነኝ።

እስከ አርባ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ እንዲህ አደረግን። አውቃለሁ አላልኩትም።

መድኃኒቱን ከጨረስኩ ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሟ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፦ «አልተገኘም» ይላል። ሁለተኛው እንግዳ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል። አባ ሜትር ለወንበሩ ሁሉ ራሱ የዳነ ያህል አወጀው፤ የድርብ ቲዎችን ቦታም በዚያው ቀን ወደ መስኮቱ በኩል አዛወረው። «ያንተስ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ዓርቦቼ ባዶ ሆኑ። ለመታመም የሚመጣ ሰው ስለ ነበረኝ፣ ስድን የሚመጣበት ምክንያት አጣ። ክሊኒክ ለኤችአይቪው ክኒን ስንሄድ እንገናኛለን፤ ወንበሩ ላይ ግን ሕዝብ አለ፣ እሱም ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው ወንበሬ ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሁለት። ትኩሳት ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ አዲሶቹ ክኒኖች መጡ። በቀን አንድ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት፤ አያተኩሱም፣ አያንቀጠቅጡም፣ የእናትና የአባት ፊደልም አይጠይቁም። አባ ሜትር ከሐኪሟ ክፍል ብልቃጡን እያንቋቋ ሲወጣ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ።

«ይኼ…» አለ፣ «ይኼ ለማጠናከሪያ ነው። አንዳንዴ የተሰፋ ቁልፍንም በክር ይደግሙታል።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ብልቃጡን ኪሱ ከተተ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከብርድ ልብሶቹ።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጉበት ሥዕል ሁለታችንም ስናየው ቆየን። ጠርዙ ተቀዷል። «ሦስተኛውን ብታመጣ ሞቼ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱም ሄደ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ግራጫውን ሱሪ ይዤ ሱቁ ሄድኩ።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለኝ፣ እስፒሉን ከአፉ ሳያወጣ። «ክኒን እኮ ነው! ሰው አያስፈልገውም።»

«ለክኒኑ አይደለም። ሱሪዬ ሰፍቶኛል።»

ከዳንኩ ወዲህ ወፍሬያለሁ፤ ያን ሱሪ ለመቆለፍ እንኳ ትንፋሼን መያዝ አለብኝ። እንድለብሰው አደረገኝ። ሜትሩን በወገቤ ዙሪያ አዞረና ቁጥሩን አየ። አርባ ዓመት ሙሉ ቁጥር ስቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«እውነትህን ነው» አለ። «ሁለት ጣት ሰፍቶሃል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የዛሬ ሳምንት ና።»

በሳምንቱ ስሄድ «ገና ነው» አለኝና በርጩማ አቀረበልኝ። በሚቀጥለውም ገና ነው። ሱሪው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ የጠመኔ መስመር እንኳ የለበትም። አሁን ሰባተኛው ዓርባችን ነው። የአራተኛው ሳምንት ደሙ ውጤት «አልተገኘም» ብሎ መጥቷል፤ ክኒኑ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ክሊኒክ ሲሄድ ለአዲስ በሽተኞች «ደም አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ማለቱን አልተወም። እኔም መስኮቱ በኩል ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

ባለፈው ዓርብ እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ፣ ስለ ምንም ነገር የሚጠይቅ ሳይመስል፣

«ኮትህስ?» አለኝ። «ኮትህ አልሰፋህም?»

«በጣም ሰፍቶኛል» አልኩት።